ስኖውሞቢል በተሳቢ ላይ ሲጎዳ፦ ማሰሪያው ሳይፈታ የሚጀምር ሥራ

ስኖውሞቢል የተሠራው በረዶ ላይ እንዲሄድ ነው። ሞላዎቹ ረጃጅም፣ የፊት ክንዶቹ ቀጫጭን፣ ገላው ደግሞ በአብዛኛው ሳሳ ያለ አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ነው። እንደ ሞዴሉ ከ200 እስከ 300 ኪሎ የሚመዝነው ይህ ማሽን ተሳቢ ላይ ወጥቶ በሁለት ወይም በሦስት ማሰሪያ ሲያዝ ሞላው ሥራውን አያቆምም፤ ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር ቁጭ ብድግ ይላል። ማሰሪያው ደግሞ እንደ ሞላው አይለጠጥም። በሁለቱ መካከል የሚሰበረው ደካማው ክፍል ነው፤ አንዳንዴ የስኪው (ከፊት በረዶ ላይ የሚንሸራተተው እግር) ቀለበት፣ አንዳንዴ የኋላው ፓራውልት፣ አንዳንዴም ራሱ ሻሲው።

ብዙ ባለቤቶች ጉዳቱን ሲያዩ ሳያስቡት የሚያደርጓቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ ማሰሪያውን መፍታት፣ ማሽኑን ማውረድ፣ ከዚያም «ይነሳ ይሆን?» ብሎ ሞተሩን መሞከር። የመጀመሪያው ማስረጃ ያጠፋል፣ ሁለተኛው በተጎዳው ላይ ሌላ ጉዳት ይጨምራል፣ ሦስተኛው ደህና የነበረ ሞተር ሊሰብር ይችላል። ካሳ የሚገኝበትም የሚቀርበትም ጊዜ በአብዛኛው ይኸው የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ነው።

ከመፍታት በፊት

ተሳቢው እንደቆመ ከአራቱም ማዕዘን ከነታርጋው ፎቶ ያንሱት። ቀጥሎ ወደ ማሰሪያዎቹ ይሂዱና አንድ በአንድ ያንሷቸው፦ ጋንቹ ማሽኑን የት ላይ እንደያዘ፣ ቀበቶው በየት በኩል እንደዞረ፣ ላልቶ ይሁን ተወጥሮ፣ የተቆረጠ ወይም የተላላጠ ቦታ ይኖረው እንደሆነ። ስኪዎቹ ከተሳቢው ግንባር ምን ያህል እንደራቁ በሜትር ይለኩ፤ ሜትሩ ራሱ ፎቶው ውስጥ ይታይ።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ማስረጃ ወለሉ ላይ ያለው ነው። ከስኪው ሥር የተበየደ ጠንካራ ካርባይድ ያለው የብረት ዘንግ አለ። ማሽኑ በተንሸራተተ ቁጥር ይህ ዘንግ የእንጨቱን ወለል ያርሰዋል። ትኩስ ቦይ ከሆነ ውስጡ ንጹሕ የእንጨት ቀለም አለው፤ የቆየ ከሆነ ጠቁሮ አፈር ሞልቶታል። የትኩሱ ቦይ ርዝመት ማሽኑ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሄደ ይናገራል። ቦዩና ግንባሩን የመታው የተሰነጠቀ ፕላስቲክ በአንድ ፎቶ ውስጥ ከታዩ «ጉዳቱ ድሮም ነበረ» የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም።

የሻሲ ቁጥሩንም ያንሱ። 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ታነሉ ቀኝ ጎን ላይ ተመትቶ ነው፤ ታነል ማለት ከመቀመጫው ሥር ትራኩን (ማሽኑን በረዶ ላይ የሚገፋውን የሚሽከረከር የጎማ ሰንሰለት) ከላይ የሚሸፍነው ረጅሙ የአሉሚኒየም ገላ ነው። ከጉዞው በፊት የተነሱ ፎቶዎች ካሉ ዛሬውኑ ለብቻ ያስቀምጧቸው፤ ማሽኑ ሲጫን ደህና እንደነበረ ማሳየት የካሳ ጥያቄው ግማሽ ነው።

ያመጣው አጓጓዥ ድርጅት ከሆነ ሾፌሩ የሚያስፈርመው የርክክብ ወረቀት አለ። ፊርማው ከመስፈሩ በፊት ጉዳቱ በዝርዝር ይጻፍበት፦ «ግራ ስኪ ጫፉ ተሰብሯል፣ የግራ የላይኛው ክንድ ታጥፏል፣ ኮፈኑ በስተቀኝ 20 ሴንቲ ሜትር ተሰንጥቋል» እንደሚባለው። «ወደፊት ተመርምሮ» የምትለዋ ሐረግ ብቻዋን እምብዛም አትረዳም፤ አጓጓዦች ባዶ አድርገው ነው የሚያነቧት። ሾፌሩ ቸኩያለሁ ቢል እንኳ ይጻፉ። አልረከብም ብሎ መመለስ ግን በአብዛኛው አይመከርም፤ ማሽኑ ወደ መጋዘን ይሄዳል፣ የማቆያ ሒሳብ ይቆጥራል፣ ሌላ መጫንና ማውረድም ይጨመርበታል። ጉዳቱን ጽፎ መረከብ ይሻላል።

ሞተሩን አይሞክሩ

ማሽኑ በጉዞ ላይ ወደ ጎኑ ተጋድሞ ከነበረ ወይም ስለመጋደሙ ጥርጣሬ ካለ አስነሺ ገመዱን አይሳቡ፣ ቁልፍም አያዙሩ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ ነዳጅና ዘይት ወደ ክራንኩ ቤትና ወደ ሲሊንደሩ ሊወርድ ይችላል። ፈሳሽ አይታመቅም፤ ፒስተኑ ሽቅብ ሲመጣ ፈሳሹ መውጫ ካጣ የሚታጠፈው የፒስተኑ ዘንግ ነው። ባለ አራት ምቱ ላይ ደግሞ ዘይት ወደ አየር ማጣሪያው ሳጥን ያፈሳል፤ ከዚያም ሲነሳ ሞተሩ ዘይቱን ይስበዋል።

አካሄዱ ይህ ነው። ማቆሚያውን ቁልፍ ይጫኑ፣ ከጃኬት ጋር የሚያያዘውንም የደኅንነት ገመድ ይንቀሉ። ማሽኑን ቀጥ አድርገው ለጥቂት ሰዓታት ይተዉት። የነዳጅ ሽታ ካለ ምንጩ ሳይገኝ አይቀጥሉ፤ ምንጩ የታንኩ ክዳን፣ የመተንፈሻው ቱቦ ወይም የተሰነጠቀ ታንክ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ካንዴላዎቹን ፈትተው ያውጡ፤ ከነገመዳቸው ቀዳዳው አጠገብ አይተዉዋቸው። እሳት የሚረጨው ገመድ ከሞተሩ ብረት ጋር በደንብ ተገናኝቶ ከቀዳዳው ርቆ መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ የሚወጣው የነዳጅ ተን ሊቀጣጠል ይችላል። ቀዳዳውን በጨርቅ ሸፍነው፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍተው አስነሺውን በእጅ ቀስ ብለው ደጋግመው ይሳቡ። ጨርቁ እየራሰ ከሆነ ይቀጥሉ፤ ደረቅ እስኪሆን ድረስ። ገመዱ መሀል ላይ ድንገት ቢቆም በጉልበት አይሳቡ።

ሞተሩ ለመነሳት ቢበቃም አንድ ነገር ይቀራል። መሪውን እስከ ግራ ጥግ፣ ወደ መሀል፣ እስከ ቀኝ ጥግ እያዞሩ በየቦታው ነዳጅ መስጫውን ጨምቀው ይልቀቁት፤ ሁልጊዜ ራሱ ጠቅ ብሎ መመለስ አለበት። የተጨፈለቀ ኮፈን ካቦውን ቆንጥጦ ከያዘው ማሽኑ እንደተነሳ ሊፈተለክ ይችላል። ትራኩን ከመሬት አንስቶ ማዞር ካስፈለገም ከኋላ መከለያ ይኑር፤ ትራኩ ላይ የተተከለ የብረት ስታድ ከላላ ተወርውሮ ሰው ይመታል።

ኃይሉ የት ደረሰ?

የሚታየው ስብራት ኃይሉ የገባበት ቦታ ነው። ገንዘቡ ያለው ኃይሉ የደረሰበት ቦታ ላይ ነው። ስኪው ሲመታ ኃይሉ ስኪውን ወደ ተሸከመው ዘንግ፣ ከዚያ ወደ ቴስታው (ዘንጉን ከክንዶቹ ጋር የሚያገናኘው ኳስ መሰል መጋጠሚያ)፣ ከቴስታው ወደ ላይኛውና ታችኛው ክንድ፣ በመጨረሻም ክንዶቹ ወደተያዙበት የፊት ሻሲ ይሄዳል። አዲስ ስኪ ገዝቶ ገጥሞ «ተጠገነ» ማለት ብዙ ጊዜ የዚህን ሰንሰለት የመጀመሪያ ዘለላ ብቻ መቀየር ነው።

መለካት ከባድ አይደለም። መሪው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይሰሩት። ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ በትራኩ ጎን አስደግፈው ወደ ፊት ከስኪው እስኪያልፍ ያስረዝሙ። ከዘንጉ እስከ ስኪው መሀል ያለውን ርቀት አንዴ ከስኪው ቡሎን ፊት፣ አንዴ ከኋላ ይለኩ፤ በሌላውም ጎን ይድገሙ። በብዙ ሞዴሎች ሁለቱ ስኪዎች ፊታቸው ከኋላቸው በጥቂቱ ሰፋ ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር። ትክክለኛው ቁጥር የማሽኑ ማንዋል ላይ ያለው ነው። አንደኛው ስኪ ብቻ ከተጣመመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዚያ ጎን የመሪ ዘንግ ነው፤ ፈትቶ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ማንከባለል ይበቃል፣ የታጠፈ ዘንግ እየዘለለ ይንከባለላል። ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ከዞሩ ችግሩ ከላይ ነው፤ የመሪው አምድ ወይም እጀታው ታጥፏል።

ቀጥሎ ሰያፍ ልኬት። ከግራው ስኪ ቡሎን እስከ ታነሉ ቀኝ የኋላ ጫፍ፣ ከቀኙ ስኪ ቡሎን እስከ ግራው የኋላ ጫፍ ይለኩ። ሁለቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ አንድ ነገር ተሳስቷል፤ ክንድ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። በብዙ ማሽኖች ክንዱ ሻሲውን ለማዳን ሲል ቀድሞ ይታጠፋል፤ የሚቀየረውም በአራት በአምስት ቡሎን ነው። ታጥፎ ሲገኝ በእሳት አሙቆ ማቅናት አይገባም፤ የቀናው ቦታ ቀጥሎ የሚሰበርበት ቦታ ይሆናል። ቡሎኖቹንም ያሽከርክሯቸው፤ እየተንገጫገጨ የሚዞር ቡሎን ታጥፏል፤ ቀዳዳው ወደ እንቁላል ቅርጽ ከሄደ ደግሞ የተያዘበት ብረት ተጎድቷል።

ሻሲውን ለማየት የስልክ መብራት ይበቃል። መብራቱን ላሜራው ላይ ቀጥ አድርገው ሳይሆን በጎን አስተኝተው ያብሩት፤ በቀን ብርሃን የማይታይ ጭምድድ ጥላ ይጥላል። መቀመጫውን ያንሱና የታነሉን ጎንና እግር የሚረገጥበትን ሰሌዳ መጋጠሚያ ይመልከቱ። የሪቬቶቹ ዙሪያ ጥቁር ግራጫ ዱቄት ካለ ሪቬቱ ላልቶ ሁለቱ ላሜራዎች እየተፋጩ ነው ማለት ነው። የተጨማደደ ታነል ውድ ዜና ነው፦ ታነል ለመቀየር ሞተር፣ ትራክ፣ ሞላ፣ ኤሌክትሪክ ሁሉ ይወጣል፤ የሻሲ ቁጥሩም ያለው ታነሉ ላይ ስለሆነ የባለቤትነት ወረቀት ጉዳይ ይከተላል። መካከለኛ ዋጋ ያለው ማሽን ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ «አይጠገንም» ይባላል።

ከኋላ፣ ማሰሪያ ፓራውልቱን ስቦ ከነበረ ፓራውልቱ የተያዘበትን የታነሉን ጫፍ ይፈትሹ። ታነሉ ሥር የተዘረጉት የማቀዝቀዣ ቱቦዎች ከዚያው አጠገብ ናቸው። ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ ሲነኩት የሚያጣብቅ ባለ ቀለም ፈሳሽ ካለ ቱቦው ተሰንጥቋል። እርግጠኛ ለመሆን በክዳኑ ላይ በተጻፈው ግፊት ሞልቶ ለ15 ደቂቃ መከታተል ነው፤ መርፌው ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ።

ትራኩ ራሱ እምብዛም አይጎዳም። ሆኖም የተሸከመው የሞላ ክፍል ከተመታ ትራኩ ወደ አንድ ጎን ስለሚሄድ አቅጣጫውንና ውጥረቱን በማንዋሉ መሠረት ያስለኩ። ሞተሩን የያዙት የጎማ ትራሶች ከተቀደዱም በቤልት የተያያዙት ሁለቱ ፍሪሲዮኖች ፊት ለፊት መተያየታቸውን ያቆማሉ፤ የዚህ ምልክቱ በአንድ ጎኑ ብቻ የተበላ ቤልት ነው። ፓራብሬዝ፣ መብራት፣ የኮፈን መቆለፊያ፣ ቀለም እንዲሁ ይመዝገቡ፤ እነዚህ ላይ ግን ጊዜ አይጨርሱ።

ትኩስ ወይስ የቆየ?

የኢንሹራንስ ገምጋሚ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። አዲስ የተሰነጠቀ አሉሚኒየም ውስጡ ያብለጨልጫል፤ የቆየው ደብዝዞ ግራጫ ይሆናል፣ ስንጥቁም አፈርና ቅባት ይዟል። ብረት ላይ አዲስ ስብራት ብርማ ነው፤ ጨው በተረጨበት መንገድ ላይ ግን በቀናት ውስጥ ዝገት ያበቅላል። ስለዚህ የስብራቱን ፊት ዛሬ በቅርበት ማንሳት ያስፈልጋል፤ በሳምንቱ የሚነሳው ፎቶ ሌላ ታሪክ ሊናገር ይችላል። የማሰሪያ ቀበቶ የተፋተገበት ቦታ የለሰለሰ፣ ጠርዙ የተስተካከለ ሰንበር ይተዋል፤ ስፋቱ ከማሰሪያው ስፋት ጋር ይገጥማል። የሌላ ማሽን ወይም የተሳቢው ቀለም ተላልፎ የተቀባበት ጭረትም ጠንካራ ማስረጃ ነውና አይጥረጉት።

እንዴት ተጎዳ? አስተሳሰሩን ይጠይቁ

ምክንያቱ ከፋዩን ይወስናል። በስኪው ጫፍ ያለው ቀለበት ለእጅ መያዣ እንጂ ለማሰሪያ አልተሠራም። በአሜሪካ የፌዴራል የጭነት ደንብ የማሰሪያዎቹ የሥራ ጭነት ገደብ ድምር የጭነቱን ክብደት ግማሽ ሊሞላ ይገባል። ለ250 ኪሎ ማሽን 125 ኪሎ ማለት ነው። 1 ኢንች ስፋት ያላቸው ብዙ ባለ ራቼት ማሰሪያዎች ገደባቸው 225 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሁለቱ በወረቀት ላይ ይበቃሉ። ታዲያ ማሽኑ ለምን ይፈታል? ማሰሪያው ጠንካራ፣ የታሰረበት ፕላስቲክ ደካማ ስለሆነ ነዋ። ለዚህ ነው ሁለቱን ስኪዎች ከላይ አግድም ተጭኖ ወደ ወለሉ በቡሎን የሚያጣብቅ ዘንግ ከፊት፣ ማሰሪያ ደግሞ ከኋላ የሚመከረው።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጠን በላይ ማጥበቅ ነው። ሞላው እስከ መጨረሻው ተጨፍልቆ ከታሰረ ድንጋጤውን የሚውጥ ነገር አይኖርም፤ ምቱ ሁሉ ወደ ሻሲው ይገባል። በጣም ላልቶ ከታሰረ ደግሞ ማሽኑ ቁጭ ባለ ቁጥር ጋንቹ ይወልቃል። ሞላው በከፊል እስኪወርድ ማሰር መካከለኛው ነው። ሦስተኛው ስሕተት ሳይሆን የተፈጥሮ ነገር ነው፦ ማሽኑ ከመጋለቢያው በቀጥታ ሲጫን ከትራኩና ከስኪዎቹ ሥር የተጠቀጠቀ በረዶ አለ፤ በመንገድ ላይ ቀልጦ ሲወርድ ማሽኑ ዝቅ ይላል፣ ማሰሪያውም ይላላል። የአሜሪካ ደንብም የንግድ ሾፌሮች ጭነቱን በመጀመሪያዎቹ 50 ማይል ውስጥ፣ ከዚያም በየ150 ማይሉ ወይም በየ3 ሰዓቱ እንዲያዩ ያዛል። ለግል ጎታች ግዴታ ባይሆንም የመጀመሪያውን ፌርማታ ከ20 ኪሎ ሜትር ባያሳልፉት ይሻላል።

ሲጫን የሚደርሰው ጉዳትም ቀላል አይደለም። የስኖውሞቢል ፍሪሲዮን የሚይዘው በብዙ ሞዴሎች ሞተሩ በደቂቃ ከ3000 እስከ 4000 ዙር ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በታች ምንም፣ ከዚያ በላይ ድንገት። መወጣጫው ላይ ትራኩ ተንሸራቶ ድንገት ሲቆነጥጥ ማሽኑ ወደ ግንባሩ ይወረወራል። በዊንች መጎተት ይህን ሁሉ ያስቀራል። ተሳቢውም ራሱ ይታይ፦ መጎተቻው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ሊሆን ይገባል፤ ማሽኖቹ ወደ ኋላ ከተንሸራተቱ ይህ ይቀንስና ተሳቢው ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፣ የመገልበጥ መንገዱም ይኸው ነው።

ስለ ጨው

ክፍት ተሳቢ ላይ የመጣ ማሽን ምንም ሳይሰበር ሊጎዳ ይችላል። መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ከአየር እርጥበት እየሳበ በየመጋጠሚያው ይቀመጣል፤ የብረት ቡሎን አሉሚኒየም ውስጥ በገባበት ቦታ ሁሉ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ፎቶው ካለቀ በኋላ በብዙ ንጹሕ ውኃና በዝቅተኛ ግፊት ይጠብ፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ ጨውን ወደ ኩሽኔቶችና ወደ ኤሌክትሪክ መሰኪያዎች ይገፋዋል። ከዚያ ግራሶ መስጫዎቹ ሁሉ አሮጌው እስኪወጣ በአዲስ ይሞሉ። ጉዳት ያለበት አካባቢ ግን ገምጋሚው ሳያይ አይታጠብ፤ የቀረውን ብቻ ያጥቡ።

የሚከፍለው ማነው?

በራስዎ ተሳቢ ከነበረ የመኪናው ኢንሹራንስ በአብዛኛው የሚሸፍነው ተሳቢው በሌላ ሰው ላይ ያደረሰውን ጉዳት ነው። የተጫነውን ማሽን የሚሸፍነው ብዙውን ጊዜ የስኖውሞቢሉ የራሱ ውል ነው፤ ያውም ግጭትንና ሌሎች አደጋዎችን የሚያካትተው ክፍል ከተገዛ። የተከራዩት ተሳቢ ከሆነ ለአከራዩ የተከፈለው የጉዳት መከላከያ በተለምዶ ለተሳቢው እንጂ ለጭነቱ አይደለም።

አጓጓዥ ድርጅት ከሆነ አገሩ ወሳኝ ነው። በአሜሪካ ከግዛት ወደ ግዛት የሚደረግ የኪራይ ማጓጓዝ ካርማክ በሚባለው የፌዴራል ሕግ ይዳኛል። ባለቤቱ የአጓጓዡን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ማሽኑ በደህና መሰጠቱን፣ ተጎድቶ መድረሱንና የጉዳቱን መጠን ካሳየ ይበቃል። ከዚያ አጓጓዡ ለማምለጥ ከጥቂት ምክንያቶች አንዱን ማቅረብ አለበት፤ ለምሳሌ የተፈጥሮ አደጋን፣ ወይም ራሱ ላኪው የሠራውን ጥፋት። የመጨረሻው ላይ ይጠንቀቁ፦ ማሽኑን አስረው የሰጡት እርስዎ ከሆኑ የሚነሳው መከራከሪያ እሱ ነው።

የካሳ ጥያቄ ማቅረቢያ ጊዜው ከ9 ወር ሊያንስ አይችልም፤ ድርጅቱ በጽሑፍ ከከለከለ በኋላ ለመክሰስም ከ2 ዓመት ያነሰ ጊዜ ሊወሰን አይችልም። ጥያቄው በጽሑፍ ሆኖ ሦስት ነገር ይያዝ፦ የትኛው ጭነት እንደሆነ የሚለይ መረጃ፣ አጓጓዡ ኃላፊ ነው የሚል ቃል፣ የተወሰነ የገንዘብ መጠን። «ማሽኔ ተጎድቷል፣ ምን ታደርጉልኛላችሁ?» የሚል ደብዳቤ የካሳ ጥያቄ አይደለም። ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ መድረሱን ያሳውቃል፤ በ120 ቀን ውስጥ ይከፍላል፣ ይከለክላል ወይም የመደራደሪያ ሐሳብ ያቀርባል። ሲረከቡ ያልታየ ጉዳት ቢገኝ በተለምዶ የሚሠራበት ማሳወቂያ ጊዜ 5 ቀን ነው፤ ማሽኑን ሸፍኖ ለወር ማስቀመጥ እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የፈረሙት ሰው አጓጓዥ ሳይሆን ደላላ መሆኑ ነው፤ ካርማክ ኃላፊነት የሚጥለው በአጓጓዡ ላይ ነው፣ ስለዚህ መኪናው ላይ የተጻፈውን ስምና የምዝገባ ቁጥር ፎቶ ያንሱ። ከ2011 ጀምሮ ተራ ዕቃ የሚያጓጉዙ ድርጅቶች የጭነት ኢንሹራንስ እንዲይዙ የፌዴራል ሕግ አያስገድድም፤ የኢንሹራንስ ወረቀቱን ከመጫን በፊት መጠየቅ የላኪው ፈንታ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ የተገደበ ዋጋ ነው። ስኖውሞቢሉ ከቤት ዕቃ ጋር ተጭኖ ዝቅተኛው የኃላፊነት አማራጭ ከተፈረመ የሚከፈለው በፓውንድ 60 ሳንቲም ነው። 550 ፓውንድ የሚመዝን ማሽን ሙሉ በሙሉ ቢወድም 330 ዶላር ማለት ነው።

በካናዳ በክፍለ ሀገራቱ ወጥ የማጓጓዣ ሁኔታዎች መሠረት፣ ዋጋ ካልተገለጸ ገደቡ በኪሎ 4.41 የካናዳ ዶላር ነው፤ ለ250 ኪሎ 1102.50 ዶላር ይሆናል። የጉዳት ማስታወቂያው ከርክክብ በኋላ በ60 ቀን፣ የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ከተጫነበት ቀን በ9 ወር ውስጥ ይቅረብ። በአውሮፓ አገር አቋርጦ የሚሄድ ጭነት የሚዳኝበት ስምምነት ገደቡን በኪሎ 8.33 የዓለም የገንዘብ ድርጅት ልዩ የማውጫ መብት (ወደ አገር ገንዘብ የሚመነዘር የድርጅቱ የሒሳብ መለኪያ) አድርጎታል። እዚያ የሚታይ ጉዳት በርክክቡ ሰዓት፣ የማይታየው ከእሑድና ከበዓላት ውጭ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይገለጽ፤ ለክስ በመደበኛው አንድ ዓመት አለ። በየትኛውም አገር ዋጋውን በጭነት ደብተሩ ላይ ማስጻፍ ትንሽ ያስከፍላል፣ ልዩነቱ ግን ከላይ ያለው ስሌት ነው።

ማሽኑ ገና ተገዝቶ በመምጣት ላይ ከነበረ በአሜሪካ የሽያጭ ውሉ ይታያል። ሻጩ ለአጓጓዥ ሲያስረክብ ግዴታው የሚያበቃ ከሆነ በመንገድ ላይ ያለው አደጋ የገዢው ነው፤ ገዢው ዘንድ ሊያደርስ ከተዋዋለ የሻጩ ነው።

ግምቱና ክፍያው

የጥገና ግምቱ በጥቅል አይጻፍ። እያንዳንዱ ዕቃ በፋብሪካ ቁጥሩ፣ የሥራ ሰዓቱ ለብቻ፣ የመለኪያው ውጤት በሚሊ ሜትር፣ በመጨረሻም «ሲፈታ ተጨማሪ ጉዳት ከተገኘ ተጨማሪ ግምት ይቀርባል» የሚል መስመር ይኑረው። ይህ መስመር የሌለው ግምት ታነሉ ተጨማዶ ሲገኝ ባለቤቱን ባዶ እጁን ያስቀራል። እስከዚያው ማሽኑን መሸፈንና የሚያፈሰውን ማስቆም የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ ጥገና መጀመር ግን አጓጓዡ ወይም ገምጋሚው የማየት ዕድል ካገኘ በኋላ ይሁን። እንዲያዩ የተጠየቁበት ቀን በጽሑፍ ይቀመጥ።

ቀድሞ የሚመጣ ትንሽ ቼክ ካለ ጀርባውንና አብሮት የመጣውን ወረቀት ያንብቡ። «ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ» የሚል ቃል ካለበት መመንዘሩ ጉዳዩን ሊዘጋው ይችላል። የተሰበሩትን ዕቃዎች በሙሉ፣ የተቆረጠውን ማሰሪያ ጨምሮ፣ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እስኪገባ ድረስ አይጣሉ፤ ሙሉ ዋጋ የከፈለ ወገን ቅሪቱ ይገባኛል ሊል ይችላል፣ ያልከፈለው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስብርባሪውን ማየት ነው።